እማዬ ዝም ብላ ስትቆም ደህና ናት፣ ስናወራት ግን ትንገዳገዳለች

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ስለ እናቴ ነው። 71 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ ግፊትም አለባት፣ ለሁለቱም መድኃኒት ትወስዳለች። ዝም ብላ ስትቆም ምንም አትሆንም። ቆማ እያለች አንድ ነገር ከጠየቅናት ግን ትወዛወዛለች። ባለፈው ሳምንት ጀበናውን ከምድጃ አንስታ እንደቆመች ወንድሜ የአጎታችንን ስልክ ቁጥር ጠየቃት። ለማስታወስ ቀና አለች፣ ወዲያው ወደ ኋላ ተንገዳገደች። ጠረጴዛውን ባትይዝ ወድቃ ነበር። ጀበናው ተሰበረ። ከታክሲ ወርዳ መልስ ስትቆጥርም እንዲሁ ትሆናለች። እህቴ ጭንቅላቷ እየደከመ ነው ትላለች። እኔ ቀኑን ሙሉ «እማዬ ተጠንቀቂ» እያልኩ ነው የምውለው፣ አሁን ጭራሽ ትቆጣኝ ጀምራለች። የመርሳት በሽታ እየጀመራት ነው? ቤተ ክርስቲያን ቆማ ማስቀደሱንስ እንከልክላት?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አትከልክሏቸው። ቤት የዋለ ሰው እግሩ ይደክማል፣ እግሩ የደከመ ሰው ደግሞ ቶሎ ይወድቃል። ለመጠበቅ ብላችሁ ይበልጥ እንዳታደክሟቸው።

የመርሳት በሽታ ነው ወይ ላልሽው፣ በደብዳቤ መመርመር አይቻልም። ግን ቆሞ እያሰቡ መወዛወዝ ብቻውን የመርሳት በሽታ ማለት አይደለም። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የሠላሳ ዓመት ታሪክ ከነቀኑ የሚነግሩኝ አዛውንቶች ላይ ይህንኑ ነገር አየዋለሁ። የልጅ ልጆቻቸውን የልደት ቀን አንድ በአንድ ይነግሩኛል፣ ግን ቆመው ሲነግሩኝ የወንበሩን መደገፊያ ይይዛሉ።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። ጫማሽን አውልቂ፣ እግርሽን ገጥመሽ ቁሚ፣ ዓይንሽን ለአፍታ ጨፍኚ። ቁርጭምጭሚትሽ አካባቢ ትንንሽ እንቅስቃሴ ይሰማሻል። አንዴ ወደ ጣቶችሽ፣ አንዴ ወደ ተረከዝሽ። ያ ሁሌም አለ፣ ልብ ስለማንለው ነው እንጂ። ሰው ሲቆም ቀጥ ብሎ የተተከለ ይመስለናል፣ እንደዚያ አይደለም። ሰውነታችን በየቅጽበቱ ትንሽ ያዘነብላል፣ ባታችንና ቁርጭምጭሚታችን ደግሞ በየቅጽበቱ ይመልሱታል። መቆም ራሱ ሥራ ነው።

ይህን ሥራ ለመሥራት ጭንቅላታችን ከሦስት ቦታ ወሬ ይሰበስባል። ከዓይን፣ ከውስጥ ጆሮ፣ እና ከእግር መዳፍና ከጡንቻ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስቢ። አሁን የእናትሽን ቁጠሪ። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው የእግሩ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ ስለዚህ ከታች የሚመጣው ወሬ ይደበዝዛል። ወለሉ ይሰማኛል ይላሉ፣ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ዓይንም፣ የውስጥ ጆሮም በዕድሜ ይደክማሉ። ወጣት ሆኖ ሳለ ከጀርባ ለብቻው ይሠራ የነበረው ነገር አሁን ትኩረት ይፈልጋል። እናትሽ እንደቆሙ ከሐሳባቸው የተወሰነው ሁልጊዜ እግራቸው ላይ ነው ያለው፣ እሳቸውም ልብ አይሉትም።

እንግዲህ በዚህ መሀል ወንድምሽ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል።

አሥር አሃዝ ማስታወስ ቀላል ሥራ አይደለም። ትኩረታቸው ከእግራቸው ተነስቶ ወደ ቁጥሩ ሄደ። በዚያ ላይ ቀና አሉ፤ ራስ ሲቀና የውስጥ ጆሮ የሚልከው ወሬ ይቀየራል፣ ዓይንም የያዘውን ነገር ይለቃል። በዚያ ላይ በሁለት እጃቸው የጋለ ጀበና ይዘዋል። አራት ነገር በአንድ ጊዜ። መንገዳገዳቸው አይገርመኝም፣ ጠረጴዛውን መያዝ መቻላቸው ግን ደስ ብሎኛል። ጀበናውን ጥለው ራሳቸውን አዳኑ ማለት ነው። ጭንቅላታቸው ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ ያውቃል።

ይህ የእናትሽ ብቻ ነገር እንዳይመስልሽ። በ1997 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ፣ ኡሜዮ የሚባል ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። በእንክብካቤ ቤት የሚኖሩ 58 አረጋውያንን አብረዋቸው እየሄዱ አወሯቸው። ሌላ ምንም መሣሪያ የለም፣ ወሬ ብቻ። 12ቱ ለመመለስ ሲሉ እርምጃቸውን አቆሙ። በቀጣዩ 6 ወር ውስጥ ከ12ቱ 10ሩ ወደቁ። እየሄዱ ማውራት ያቃታቸው ሰዎች፣ ለመሄድ ብቻ ምን ያህል ትኩረት እየከፈሉ እንደነበር ያሳያል። አያቶቻችን መንገድ ላይ ቁም ነገር ሲነሳ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ተናግረው ሲጨርሱ ነው የሚቀጥሉት፤ እኛ ደግሞ ወሬ መውደዳቸው ነው እንላለን። አንዳንዴ ነው። አንዳንዴ ግን እግራቸውን እየጠበቁ ነው።

በወጣቶች ላይ የተሠራም አለ። በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ ተማሪዎችን አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስቀድመው፣ ዓይናቸው ተሸፍኖ አቆሟቸውና ነገር በቃላቸው እንዲይዙ ጠየቋቸው። ቃላት የመያዙ ምንም አልሆነም። «ይህ ከዚያ በላይ ነው፣ ያ ከዚህ በስተቀኝ ነው» የሚለውን፣ ቦታን በሐሳብ የመሳሉን ሥራ ግን ቆመው ሲሠሩት ይበልጥ ተሳሳቱ። ሰውነታቸው ከወትሮው በላይ አልተወዛወዘም፣ የከፈለው ጭንቅላታቸው ነው። ሚዛንና የቦታ ሐሳብ ከአንድ ጓዳ ይበላሉ ማለት ነው። ስለዚህ እናትሽ ቆመው ሳሉ «ከገበያው ወደ እትዬ ቤት በየት በኩል ነው የሚቀርበው?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ቁጭ ሲሉ ጠይቂያቸው።

ሁሉም ሐሳብ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ በቃላቸው የያዙት ጸሎት ብዙ ትኩረት አይጠይቅም። የታክሲ መልስ መቁጠር ግን ይጠይቃል፣ በተለይ ረዳቱ ከኋላ እየተጣደፈ፣ ሰው እየገፋ። ለጤነኛ ወጣትማ ቀላል ሐሳብ እንዲያውም ሊያረጋጋው ይችላል፣ ስለ አቋቋሙ ማሰቡን ስለሚያስተወው።

ይህ ወደ «ተጠንቀቂ» ያመጣናል፣ እህቴ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው፣ ከፍቅር መሆኑን እያወቅሁ።

ተማሪ እያለሁ አክስቴ ደረጃ እየወረደች ከታች ሆኜ «ቁልፉን የት አስቀመጥሽው?» አልኳት። ወደ እኔ ቀና አለች። አንድ ደረጃ ነበር የቀራት፣ እሱ አመለጣት። በእጇ መሬቱን ደገፈች፣ አንጓዋ ተሰበረ። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነበር። ድምፁን፣ ፊቷን፣ የነጠላዋን አወዳደቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው አላናግርም፣ ቢያስቸኩለኝም እጠብቃለሁ።

«ተጠንቀቂ» ራሱ ጥያቄ ነው። እናትሽ ድምፅሽን ሲሰሙ ራሳቸውን ወደ አንቺ ያዞራሉ፣ «ምን አየች?» ብለው ያስባሉ፣ ከዚያ ሐሳባቸውን እግራቸው ላይ ጥለው ድርቅ ይላሉ። ስለ ገዛ እግሩ እያሰበ የሚቆም ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑን ፊት ለፊት አንድ ነገር ላይ ከተከለ ሰው የባሰ ነው የሚወዛወዘው። ፍርሃት ሲጨመርበት ጡንቻ ይገትራል፣ የተገተረ ሰው ደግሞ ሲገፋ አይመልስም። ስለዚህ ከሩቅ አትጩሂባቸው። ቅረቢ፣ ክንዳቸው አጠገብ ቁሚ፣ ዝም በይ። መናገር ካለብሽ ሁለቱም እግራቸው መሬት ከያዘና እጃቸው አንድ ነገር ከነካ በኋላ ተናገሪ። የተቆጡሽ ለዚህ ይመስለኛል። ቃሉ እየረበሻቸው ነው።

አሁን ስለ ቤተ ክርስቲያን። መቆምን በተመለከተ አባቶች የሠሩት አንድ ዕቃ አለ፣ እኔ በሙያዬ ከማውቀው ነገር ሁሉ ጋር የሚስማማ፦ መቋሚያ። ሰዎች መቋሚያ የሚጠቅመው ክብደት ስለሚሸከም ይመስላቸዋል። ከዚያ በላይ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ጄካና ላክነር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን አቁመው የአንድ ጣታቸውን ጫፍ ብቻ አንድ ነገር እንዲያስነኩ አደረጉ። የሚጫኑት ከ100 ግራም ባነሰ ኃይል ነው፣ ይህ ማንንም ደግፎ አያቆምም። ሆኖም መወዛወዛቸው በግልጽ ቀነሰ። ጣት ወሬ ስለሚያመጣ ነው። ከእግር መዳፍ የጠፋው ወሬ በጣት በኩል ይመጣል፤ በዘንግም በኩል እንደሚመጣ ከዚያ በኋላ ታይቷል። ስለዚህ እናትሽ መቋሚያ ይያዙ፣ ወይም ምሰሶ ወይም ግድግዳ አጠገብ ይቁሙና በጣታቸው ነካ ያድርጉት። መደገፍ እንኳ አያስፈልግም፣ መንካት ይበቃል። ኩሽና ውስጥም ያው ነው፣ ሲያስቡ አንድ ጣት ጠረጴዛው ላይ። ሲደክማቸው ይቀመጡ፤ ስለ ጾሙና ስለ መቆሙ ደግሞ የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ጥሩ ነው፣ ለታመመና ላረጀ ሰው መላ አያጡም።

ቀጥሎ ልምምድ። በ2019 እ.ኤ.አ. 108 ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ የአካል እንቅስቃሴ በአረጋውያን ላይ መውደቅን 23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ውጤታቸው በደንብ ከተረጋገጠው አንዱ ደግሞ የሚዛን ልምምድ ነው። ጂም አያስፈልግም።

የቤቱን ጥግ ምረጪ፣ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበትን። እናትሽ ጀርባቸውን ወደ ጥጉ ሰጥተው ይቁሙ፣ ከፊታቸው ከባድ ወንበር መደገፊያውን ወደ እሳቸው አድርጊ። አንቺ አጠገባቸው። ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ወይ ባዶ እግር ወይ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ፤ የስኳር በሽተኛ ስለሆኑ ጫማው ይሻላል። መጀመሪያ እግር ገጥመው 10 ሰከንድ። ከቻሉ አንዱን እግር በግማሽ ወደ ፊት፣ 10 ሰከንድ። ከዚያ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት ገጥመው፣ 10 ሰከንድ። ይህን የመጨረሻውን ሳይዙ 10 ሰከንድ መቆም ካልቻሉ የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፣ ለሐኪማቸው ይነገር። የቻሉት ላይ ደግሞ በየቀኑ ይለማመዱ፣ ጠዋትና ማታ ጥቂት ደቂቃ።

ያለ ሐሳብ መቆሙ ሲለመድ፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሳብ ትጨምሪበታለሽ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። እናትሽን የሚጥላቸው ሁለቱ ሲገናኙ ከሆነ፣ መለማመድ ያለባቸው ሁለቱን አንድ ላይ ማድረጉን ነው። ሐኪም ቤት ብዙ ጊዜ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መቁጠር ይሰጣል፣ 93፣ 86፣ 79 እያሉ። እኔ ለእናቶች አልወደውም፣ ፈተና ይመስላቸውና ያፍራሉ። የወሩን በዓላት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩልኝ ነው የምጠይቃቸው። 30 ማርቆስ፣ 29 በዓለ ወልድ፣ 28 አማኑኤል፣ 27 መድኃኔዓለም። እስከዚህ ውኃ ነው። 26 ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ወደ ጣሪያው ይሄዳል፣ ትከሻቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ ያኔ ጣታቸው ወንበሩን ሲፈልግ ታያለሽ። ልምምዱ እዚያች ሰከንድ ላይ ነው ያለው። ወንበሩን ይንኩ፣ ይመለሱ፣ ይቀጥሉ። ዕለት ዕለት ሲደረግ ያቺ ሰከንድ እያጠረች ትመጣለች። ሲሰለቻቸው የሩቅ ዘመዶችን ስም፣ የሠፈር ሰው፣ የወጥ ዓይነት ቀይሪ።

ሐኪም ጋ መሄዱ ግን አይቀርም፣ እነዚህን ይዘሽ ሂጂ።

አንደኛው የግፊት መድኃኒቱ ነው። ለ5 ደቂቃ ተኝተው ይለኩ፣ ከዚያ ተነስተው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለኩ። ላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም ታችኛው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ሲቆሙ ግፊታቸው እየወደቀ ነው። በጾም፣ ውኃ ሳይጠጡ በዋሉበት ቀን ይህ ይብሳል። ስኳራቸውም በዚያ ቀን ሊወርድ ይችላል፣ እሱም ራሱ ያንገዳግዳል። መድኃኒቱን ግን ራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ ሐኪሙ ነው የሚያስተካክለው።

ሌላው እግራቸው ነው። ነርቩ ይመርመር። ለስኳሩ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወስዱ ከቆዩና አጥብቀው የሚጾሙም ከሆነ፣ ቫይታሚን ቢ12 ይለካላቸው ብለሽ ጠይቂ። ይህ ቫይታሚን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው የሚገኘው፣ መድኃኒቱም ይቀንሰዋል፣ ሲያንስ ነርቭን ይጎዳል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይታከማል። ሐኪሙ እግር ገጥመው ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲቆሙ ያደርጋቸው ይሆናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሮምበርግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ካስተዋወቀ ጀምሮ የሚሠራበት ምርመራ ነው። እዚያ ላይ በጣም ከተወዛወዙ፣ ቤት ፊታቸውን ሲታጠቡ ቆመው አይሁን፤ ሳሙና ዓይን ሲያስጨፍን ያ ምርመራ ያለ ሐኪም ተደገመ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋም ያው፣ ባሉበት ይቁሙ፣ ባትሪ አልጋቸው አጠገብ ይኑር።

የመርሳቱን ጉዳይ ደግሞ በሌላ ምልክት ነው የምታውቂው። በሚያውቁት መንገድ ይጠፋሉ? አንድ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ይጠይቃሉ? ለዓመታት የሠሩትን ወጥ አሠራር ያዛባሉ? ከሆነ ይህንንም ንገሪ። በድንገት አፍ ወደ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን ቀጠሮ የለም፣ በዚያችው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል።

መልስ ሲቀበሉ ሳይቆጥሩ ቦርሳቸው ውስጥ ይክተቱት፣ ቤት ቁጭ ብለው ይቁጠሩት። ብር ቢጎድል ይጉደል። ለወንድምሽም ይህን ንገሪልኝ፦ የአጎታችሁን ስልክ ቁጥር በትልቁ ጽፎ ፍሪጁ ላይ ይለጥፈው።